በረንዳው ይቆየን፣ መጀመሪያ ፓስፖርቱ

የመጀመሪያ የካሪቢያን ክሩዙን የሚያስብ የአሜሪካ ሀበሻ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል፦ «በረንዳ ያለው ክፍል ልያዝ ወይስ መስኮት የሌለውን?» የቴሌግራም ግሩፑ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ያለ በረንዳማ ባትሄድ ይሻላል» ይላል። ሌላው «ለመኝታ ብቻ ነው፣ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ሦስት ቀን ይፈጃል። በሦስቱም ቀን መርከቧ የት እንደምትቆም፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጓዡ ወጥቶ መመለስ ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ አይገኝም።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ ወረቀት ይታያል፣ ከዚያ መስመር ይመረጣል፣ ክፍል የመጨረሻው ነው። በዚህ መንገድ ያልተመረጠ ክሩዝ ሲቀል ገንዘብ ያባክናል፤ ሲከፋ የሰው ኑሮ ያናጋል። ማጋነን ከመሰላችሁ ታገሡኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ማን ገለበጠው?

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ስለዚህ አንድ የመሸጫ ገጽ ጥያቄዎቹን እንዴት እንደሚደረድር ሳይ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። እንዲህ ያለ ድርድር በአጋጣሚ አይመጣም፤ ሰው ተሰብስቦ ይወስነዋል። ገጹን ስትከፍቱ መጀመሪያ «ከዚህ ጀምሮ» የሚል ትንሽ ዋጋ ይታያችኋል። ዋጋው ለአንድ ሰው ነው፣ ያውም በክፍሉ ሁለት ሰው እንደሚያድር ተቆጥሮ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ያህል ትከፍላላችሁ። ቀጥሎ አራት ፎቶ ይመጣል፦ መስኮት የሌለው፣ መስኮት ያለው፣ በረንዳ ያለው፣ ስዊት። በየደረጃው «ይህን ያህል ብቻ ጨምሩ» የሚል አለ። መቶ ዶላር ብቻ፤ ከዚያ ሌላ መቶ ብቻ። ክፍሉን ስትጨርሱ የመጠጥ ጥቅሉ፣ ኢንተርኔቱ፣ በሰውና በቀን የሚታሰበው ጉርሻ ይከተላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

የወደቦቹ ስም ተዘርዝሯል፣ አልካድኩም። ስንት ሰዓት ገብታ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ ለማወቅ ግን ፈልጋችሁ መጫን አለባችሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክፍሉን የሚሸጠው ኩባንያው ነው። ወደቡ ግን ለኩባንያው ወጪ ነው፤ ክፍያ ይከፈልበታል፣ በዚያ ላይ እናንተን ለአንድ ቀን ይነጥቀዋል። መርከቧ ወደብ ላይ ስትቆም ካዚኖውና ከቀረጥ ነፃ ሱቆቹ በአብዛኛው ዝግ ናቸው። እናንተ ባርቤዶስ ላይ ዓሣ በገዛችሁበት ሰዓት መርከቧ ምንም አልሸጠችላችሁም።

መፍትሔውን ኩባንያዎቹ ካገኙት ቆይተዋል፦ የራስን ደሴት ማዘጋጀት። ኖርዌጂያን በባሃማስ ግሬት ስተራፕ ኬይን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ሮያል ካሪቢያን ኮኮኬይ፣ ዲዝኒ ካስታወይ ኬይ፣ ኤምኤስሲ ኦሽን ኬይ አላቸው። ካርኒቫል ደግሞ ግራንድ ባሃማ ላይ ሴሌብሬሽን ኪ ያለውን በሐምሌ 2025 ከፈተ። አሸዋው እውነተኛ ነው፣ ውሃውም ያምራል። በጉዞ ሰሌዳው ላይ እንደ አንድ «መዳረሻ» ይቆጠራል። የምትገዙት ግን ከዚያው ኩባንያ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምትከፍሉትም በዚያው በመርከቡ ካርድ ነው። አንድ ቀን ለመዋኘት ከሆነ እሰየው። ሰባት ቀን ሄዳችሁ ካላችሁት ሦስት ወደብ አንዱ ይሄ ከሆነ ግን ካሪቢያንን ሁለት ቀን ብቻ ነው ያያችሁት።

«መርከቧ ራሷ መዳረሻ ናት» የሚሉ አሉ። በጥር 2024 ሥራ የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ እስከ 7,600 መንገደኛ ትይዛለች፤ ላይዋ ላይ የውሃ መንሸራተቻ አለ፣ የበረዶ ሜዳ አለ፣ ምግብ ቤቱ ብዙ ነው። እሺ፣ ትልቅ ናት። ነገር ግን መርከቧ መዳረሻ ከሆነች ካሪቢያን ለምን አስፈለገ? የፍሎሪዳ ሆቴል በዚያው ገንዘብ ይሄንን ያደርግላችኋል፣ ማዕበልም የለበትም። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።

የዝምተኛው ጓደኛ ጉዳይ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የመንገደኛ መርከቦች ሕግ አለ፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። የውጭ አገር ባንዲራ የያዘች መርከብ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ መንገደኛ እንዳታመላልስ ይከለክላል። ትልልቆቹ የክሩዝ መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም የባሃማስ፣ የፓናማ፣ የማልታ ወይም የቤርሙዳ ባንዲራ ነው የያዙት። ስለዚህ ከማያሚ ተነሥታ ማያሚ የምትመለስ መርከብ እንኳ በመሐል ቢያንስ አንድ የውጭ አገር ወደብ መንካት አለባት። በሌላ አነጋገር ከፍሎሪዳ የሚነሣ ማንኛውም የካሪቢያን ክሩዝ ከአሜሪካ መውጣት ነው። «መርከብ ላይ እኮ ነው የማድረው» ማለት አይሠራም።

ዜጋ የሆነ ሰው ተነሥቶ ወደ ተነሣበት ወደብ በሚመለስ ጉዞ ላይ በልደት ሰርተፊኬትና በመታወቂያ ተመልሶ መግባት ይችላል። «ለክሩዝ ፓስፖርት አያስፈልግም» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። ወሬው ለዜጋ የተነገረ ነው። በእኛ ግሩፕ ውስጥ ግን አምስት ዓይነት ወረቀት አለ፤ ዜጋው፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ያለው፣ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዘው፣ ተማሪው፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀው። ግሪን ካርድ ያለው ካርዱንም ፓስፖርቱንም መያዝ አለበት፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ደግሞ በየደሴቱ በአንድ ዓይን አይታይም። መርከቧ የምትነካው እያንዳንዱ አገር ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነ አንድ በአንድ ማጣራት ግድ ነው። ወረቀት ማሟላት የተጓዡ ኃላፊነት ነው፤ ውሉ ላይ ተጽፏል። መሳፈሪያው ላይ የተመለሰ ሰው ገንዘቤን መልሱልኝ ቢል የሚሰማው አያገኝም።

የመጨረሻው ሰው ነገር ከሁሉም ይከብዳል። የጥገኝነት ማመልከቻው በመታየት ላይ ያለ ሰው አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ቅድመ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። ስንት ዓመት የጠበቀበትን ጉዳይ። ኮኮኬይ ላይ አራት ሰዓት ዋኝቶ መመለስም መውጣት ነው። ፈቃዱ በእጁ ቢኖር እንኳ ተመልሶ መግባቱ ዋስትና የለውም። ስለዚህ ጠበቃውን ሳያናግር አንድ እርምጃ መሄድ የለበትም።

እናትስ? ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ክሩዝ የምናስበው እናት ወይም አባት ከአዲስ አበባ ሲመጡ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ የአሜሪካ ቪዛ ለሦስት ወር የሚያገለግልና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። አንድ ጊዜ የሚያስገባውን ቪዛ ገብታ የጨረሰች እናት መርከብ ላይ ወጥታ ባሃማስ ስትረግጥ የመመለሷ ነገር አደጋ ላይ ይወድቃል። ለእሷ ያሰባችሁት በረንዳ እንግዲህ ምን ይጠቅማታል?

ግሩፑ «በረንዳ ወይስ መስኮት» ሲል ወረቀት ያልያዘው ጓደኛ ዝም ነው የሚለው። ጉዳዬ አላለቀም ማለት ያሳፍረዋል፤ ወይም ለሰው መንገር አይፈልግም፣ መብቱም ነው። ሌሎቹ ቀብድ ይከፍላሉ። እሱ «ሥራ አልተፈቀደልኝም» ይላል። ሁለት ዓመት ተከታትሎ «ሥራ የማይፈቀድለት» ጓደኛ ካላችሁ አስቡበት። ይባስ ብሎ ደግሞ ላለመለየት ሲል ዝም ብሎ የሚከፍልና አብሮ የሚሄድ አለ። «ለክሩዝ ፓስፖርት አያስፈልግም» ብላችሁ የጻፋችሁለት እናንተ ናችሁ።

ሦስቱ መስመሮች

ወረቀቱ ሙሉ ነው እንበል። አሁን ካርታ ክፈቱ። የካሪቢያን ክሩዝ በአብዛኛው በሦስት ይከፈላል፦ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ደቡብ።

ምሥራቁ ከፍሎሪዳ ተነሥቶ ወደ ሴንት ቶማስ፣ ሴንት ማርተን፣ አንዳንዴ ሳን ሁዋን ይሄዳል። ከማያሚ ሴንት ቶማስ ወደ 1,000 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው። መርከቧ በሰዓት 20 ብትሄድ 50 ሰዓት ይፈጅባታል። ማለት ለመሄድ ብቻ ሁለት ቀን፣ ለመመለስም እንደዚያው። በሰባት ቀን ጉዞ ሦስት ወደብ ብቻ የሚገኘው ለዚህ ነው፣ አንዱም ብዙ ጊዜ የኩባንያው ደሴት ነው። ምዕራቡ ኮዙሜል፣ ሮአታን፣ ቤሊዝ፣ ግራንድ ኬይማን፣ ጃማይካ ነው። ወደቦቹ ይቀራረባሉ፣ ግን ኬይማንና ቤሊዝ ሲቲ ላይ መርከቧ ባሕር ላይ ቆማ መንገደኛው በትንንሽ ጀልባ ነው የሚወርደው። ሰልፉ ከቀናችሁ ላይ ይቀነሳል፤ ንፋስ ካየለ ደግሞ መውረድም ላይኖር ይችላል።

ደቡቡን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከፖርቶ ሪኮዋ ሳን ሁዋን የሚነሡ መርከቦች አሉ። እዚያ ድረስ በአውሮፕላን ነው የሚኬደው፤ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች በረራው የአገር ውስጥ ነው። ከሳን ሁዋን ሴንት ቶማስ የአንድ ሌሊት መንገድ ነው። ማታ ተኝታችሁ ጠዋት ሌላ ደሴት ላይ ናችሁ። በሰባት ቀን አራትና አምስት ወደብ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ሴንት ሉሺያ፣ ባርቤዶስ፣ አንቲጓ እንደ መስመሩ። የሴንት ሉሺያ መርከብ ማቆሚያ ካስትሪስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ያገኘው የዴሬክ ዋልኮት የትውልድ ከተማ። በስሙ የተጠራው አደባባይ ከወደቡ ሩቅ አይደለም። ባርቤዶስ ደግሞ በኅዳር 2021 ከእንግሊዝ ዘውድ ተላቃ ሪፐብሊክ የሆነች አገር ናት፤ ብሪጅታውን ውስጥ መንገድ ላይ ቆሞ ማውራት ብቻውን ያስተምራል።

«የአውሮፕላኑ ቲኬትስ?» ትሉኛላችሁ። ከበረንዳው አምጡት። ከሁለት ሰው በረንዳ የተረፈው ገንዘብ ስንት ቲኬት እንደሚሸፍን በዚያው ገጽ ላይ ደምሩት። እንዳያችሁት ወደብ መግዛት እና እንጨት ወንበር መግዛት አንድ አይደለም።

ምዕራቡን የምመርጥበት አንድ ምክንያት አለኝ፦ ጃማይካ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን የገቡት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ነው። አውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቀው ሕዝብ የጥበቃውን መስመር ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው፤ ራስተፈሪያን ዕለቱን ዛሬም ያከብሩታል። መርከቦቹ የሚቆሙት ግን ኪንግስተን ሳይሆን በሰሜኑ ዳርቻ ፋልመዝ፣ ኦቾ ሪዮስ ወይም ሞንቴጎ ቤይ ነው። ፋልመዝ በባርነት ዘመን የስኳር ወደብ ነበረች፤ አፍሪካውያን እየወረዱ ስኳር የሚጫንባት። ዛሬ የመርከቡ ማቆሚያ በአጥር ተከልሎ ውስጡ በሱቅ ተሞልቷል፤ ከተማው ከአጥሩ ውጭ ነው። በአጥሩ ውስጥ ቆይቶ ቲሸርት ገዝቶ የሚመለስ ሰው ጃማይካን አየሁ ባይል ጥሩ ነው። ላሊበላ ላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወርደው፣ ፎቶ አንስተው፣ ከማንም ሳያወሩ የሚሄዱ ቱሪስቶችን እያየን አልነበር የምናማው? ውጡ። የአካባቢውን አስጎብኚ በገንዘባችሁ ቅጠሩ። ሰዓታችሁን ግን ጠብቁ፤ በራሳችሁ ወጥታችሁ ከዘገያችሁ መርከቧ አትጠብቅም፤ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መመለስ ነው።

የወቅቱንም ነገር ልንገራችሁ። የአውሎ ነፋሱ ወራት ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 በፈረንጆቹ ነው፣ የሚበረታው ነሐሴ አጋማሽና መስከረም ላይ ነው። በእንቁጣጣሽ ሰሞን ዋጋው የሚወድቀው ለእናንተ ታዝኖ አይደለም። ኩባንያው መስመሩን የመቀየር መብት በውሉ አለው፤ ደቡብ ብላችሁ ገዝታችሁ ሜክሲኮ ልትነቁ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ክፍሉ

ወረቀቱ ታየ፣ መስመሩ ተመረጠ። ክፍሉ አሁን አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። መርከብ እንደ ሚዛን ነው፤ ጫፉ ይነሣል ይወድቃል፣ መሐሉ ብዙም አይንቀሳቀስም። ከፍ ባላችሁ መጠን ደግሞ የጎን መወዛወዙ ይብሳል። ስለዚህ የሚያዞረው ሰው መሐል ላይ፣ ዝቅ ካሉት ፎቆች ነው መያዝ ያለበት። ውድ የሆኑት በረንዳዎች ብዙዎቹ ላይኛው ላይ ናቸው፤ ሰው ጨምሮ ከፍሎ ማዞሩን ይገዛል።

ቀጥሎ የፎቁን ካርታ ክፈቱና ከራሳችሁ በላይና በታች ምን እንዳለ እዩ። ከላይ መዋኛው ካለ ጠዋት ወንበር ሲጎተት ትነቃላችሁ። ከታች ጭፈራ ቤት ካለ ሌሊቱ አይገፋም። ከላይም ከታችም የመኝታ ክፍል ያለበት ፎቅ ነው ጥሩው። ኩባንያው ክፍሉን የሚመርጥበት «ዋስትና» የሚባለው ርካሽ አማራጭ አለ፤ የማያዞረው፣ እንቅልፉ የማይቀልለው ሰው ይውሰደው፣ ሌላው ይተወው።

መስኮት የሌለው ክፍል ጨለማ ነው፤ መብራት ካጠፋችሁ ጠዋት ይሁን ሌሊት አይለይም። ይሄ የሚያስጨንቀው ሰው አለ፣ እሱ መስኮት ይግዛ፣ ምንም ክርክር የለውም። ጉልበቷን የሚያማት፣ ወደብ ላይ ወርዳ መዞር የማትችል እናት ካለችም በረንዳ ለእሷ ቅንጦት አይደለም፣ ወንበሯ ነው። ሕፃን የሚያስተኛ ወላጅም እንዲሁ። በረንዳ ለሚቀመጥበት ሰው ነው። ቀኑን ወደብ ላይ፣ ማታውን ጭፈራ ላይ የሚያሳልፍ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ግን በረንዳውን ለኢንስታግራም ነው የሚከራየው። ባሕሩ የጋራ ነው፤ ላይኛው ፎቅ ውጡና በነፃ እዩት።

ከታች ያሉት

ስለ ክፍል ስናወራ የማናነሣው ክፍል አለ። ከመንገደኛው በታች ባሉት ፎቆች አልጋችሁን የሚያነጥፉት፣ ሳህን የሚያነሡት ሠራተኞች በጋራ፣ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ያድራሉ። ብዙዎቹ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከህንድ ናቸው፤ ውላቸው የወራት ነው፣ ልጆቻቸውን የሚያዩት በስልክ። እና ከእኛው ውስጥ «ጉርሻው ከሂሳብህ ላይ እንዲነሣ ጠይቅ፣ ያነሱልሃል» ብሎ የሚመክር አለ። ይሄንን የሚመክረው ዋሽንግተን ፓርኪንግ ውስጥ በጉርሻ ኮሌጅ የጨረሰ፣ አባቱ ታክሲ ነድቶ ያሳደገው ሰው ነው። ነውር ነው። በረንዳ የሚገዛ ሰው ጉርሻ ከቆረጠ የቆጠበው ገንዘብ አይደለም፣ ከሌላ ስደተኛ ደመወዝ ላይ ነው የወሰደው። በጀቱ ካልበቃ ክፍሉን ዝቅ አድርጉ፣ ጉርሻውን አትንኩ።

ስለዚህ ለዘንድሮው ክሩዝ የምታስቡ ከሆነ አንድ ሰው ይመረጥ። ግሩፑ ላይ ሳይሆን በየስልኩ እየደወለ፣ ለብቻ ለብቻ፣ «ወጥተህ መመለስ ትችላለህ? ጠበቃ ማናገር ያስፈልግሃል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ለማንም አይንገር። ሁሉም ከቻለ መስመሩ ይመረጥ። አንድ ሰው እንኳ ካልቻለ ክሩዙ ይቆይና ማንም ድንበር የማይሻገርበት፣ የሁላችንም ወረቀት የሚበቃበት የባሕር ዳርቻ ይፈለግ። መርከቧ በሚቀጥለው ዓመትም ትነሣለች። ለእሱ ግን «ጉዞው የተቀየረው ባንተ ምክንያት ነው» አትበሉት። «ዘንድሮ ክሩዙ ተወደደብን» በሉት፣ ውሸትም አይሆንም።